የተዘጋው ትምህርት ቤት ደወል

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ ሲጮህ ሎሬታ የያዘችውን አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ከተዘጋ አምስት ወሩ ነው። ደወሉ ግን በሰዓት የሚሠራ ነውና ልጅ ይኑር አይኑር አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች። ያ ሁሉ የልጅ እግር እየተጋፋ የሚመጣ ይመስላታል። የሚመጣ የለም።

የከተማው ሰው ግማሹ፣ መንግሥት የትምህርት ቤት ክፍያ ልክፈልላችሁ ሲል ልጆቹን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ወሰደ። የትምህርት ቤቱ በጀትም ልጆቹን ተከትሎ ሄደ። ለቀሩት ልጆች ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ የቤት ግብር ይጨመር ወይስ አይጨመር ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ሎሬታ ግቢዋ ውስጥ “ይጨመር” የሚል ሰሌዳ ተከለች። በመዶሻ የመታችላት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የነበረችው ጓደኛዋ ጁኒ ናት። በምርጫው ቀን ግን፣ ድምፅ መስጫው ውስጥ ብቻዋን ስትሆን፣ ግብር መክፈል አቅቶት ቤቱ የተሸጠበት ጎረቤቷ ትዝ አላት። እሷም ያላት የባሏ ጡረታ ብቻ ነው። “አይጨመር” የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። የአንዲት አሮጊት ድምፅ ምን ያመጣል ብላ።

ይጨመር ያሉት በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሸነፉ።

“አይጨመር ያለው ማርቪን ነው!” ትላለች ጁኒ በመጣች ቁጥር። “የራሱን ልጆች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አሽሽቶ፣ የእኛ ጣራ ቢያፈስ ምን ገዶት! ሰላምታም ነፍጌዋለሁ።”

ማክሰኞ ዕለት ማርቪን ራሱ በሯን አንኳኳ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

“እማማ ሎሬታ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ቁልፍ አንቺ ጋ ነው አሉኝ። ገብቼ ደወሉን ላጥፋው።”

ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው። እሱ ግን አልሄደም።

“እኔ ይጨመር ነው ያልኩት። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ አይደል? የሚያምነኝ ግን የለም።”

“እኔ አምንሃለሁ።”

“እንግዲያው ለጁኒ ንገሪልኝ። አንቺን ትሰማለች።”

“እነግራታለሁ” አለች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምንም አልጮኸም። ሎሬታ ግን ስኒዋን አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ጁኒ በጓሮ በር ገባች።

“ሰማሽ? ደወሉንም ገደለው፣ ያ ከሃዲ!”

ሎሬታ አፏን ከፈተች። በመስኮቱ “ይጨመር” የሚለው ሰሌዳዋ ይታያታል፤ ዝናብ ቢያደበዝዘውም ፊደሉ ይነበባል።

“ጁኒ...”

“ምነው?”

“ኬክ ጋግሬያለሁ፣ ሳይደርቅ ብዪ” አለቻትና ቢላዋ ልታመጣ ዞረች።