የተፈቱት የዝናብ መጥረጊያዎች

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነሐሴ ላይ ነው። የሰማ ሰው «ይህም ተብሎ ይጻፋል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም ደሜ ይሞቃል።

የምኖረው ቆቦ ነው። ባለቤቴ ታሞ ሲሞት ለእኔና ለሁለት ልጆቼ የቀረችን አንዲት አሮጌ ፒካፕ ናት። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ መንጃ ፈቃድም አለኝ። ጀሪካን፣ ሳፋና ባልዲ እየጫንኩ በየገበያ ቀኑ ሮቢትና ጎብዬ ወስጄ እሸጣለሁ። የምንበላው ከዚያ ነው።

ይህ ነገር ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ለጋሽ ሰይድ ከመጀመሪያውም አልተዋጠላቸውም። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድማቸው በታመመ ጊዜ ከአጠገቡ አልተለዩም። ግን ሴት ልጅ መሪ ይዛ ከገበያ ገበያ መዞሯ ያሳፍራቸዋል። «መኪናዋን ሹፌር ይያዛት፤ አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። እኔም «እሺ ጋሼ» እላለሁ፤ መንዳቴንም እቀጥላለሁ።

ያን ቀን የጎብዬ ገበያ ነበር። ዕቃውን ከዋዜማው ጭኜ ሸራ አልብሼዋለሁ። ጠዋት ልነሳ ስወጣ የመኪናዬ ፊት እንግዳ ሆነብኝ። ቅንድቡን የተላጨ ሰው መሰለችኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሁለቱም የዝናብ መጥረጊያ ክንዶች የሉም። ከመስታወቱ ግርጌ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ብረቶች ብቻ ቆመዋል።

ሌባ መስሎኝ ጮህኩ። ጎረቤቴ ከደጇ ሆና «አትጩሂ፣ ሌባ አይደለም። ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ ሲፈቱት አይቻቸዋለሁ» አለችኝ።

ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ክንዶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው አጠገባቸው አሉ፤ ሊደብቋቸው እንኳ አልሞከሩም።

«ጋሼ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ክረምቱ እስኪወጣ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጎርፍ እየወረደ ነው፤ አስፋልቱም ያንሸራትታል። መስከረም ሲጠባ እመልስልሻለሁ። ያኔ ደግሞ ሹፌር እንፈልጋለን።»

«ልጆቼ እስከዚያ ምን ይበላሉ?»

«አላህ አለ። እኔም አለሁ። አብሽሪ።»

«መኪናዋ የኔ ናት።»

«የወንድሜ ናት» አሉ።

ያነደደችኝ ይህቺ ቃል ናት። እግራቸው ላይ ብወድቅ ይሰጡኝ ነበር ይሆናል። ግን ዛሬ ለምኜ ከወሰድኩ ነገ ጎማውን ይፈቱታል ብዬ አሰብኩ። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ለመኪናዬ የሚሆኑ ሁለት ክንዶች ከነማሰሪያ ዳዶዎቻቸው አገኘሁ። አንዱ ቀለሙ ተልጧል። ይዣቸው ሁልጊዜ ወደማሠራበት ጋራዥ ነዳሁ። ገና አልዘነበም፤ በደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

መካኒኩ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ክንዶቹን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ሰይድ ትናንት መጥቶ ነበር» አሉኝ። «እጄ መኪናሽን እንዳይነካ ቃል አስገብቶኛል። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ሲለኝ እሺ አልኩት። ምን ላድርግሽ?»

«የብሎን መፍቻ ቁልፍስ? ቁልፍ እንዳያበድሩም ቃል ገብተዋል?»

ትንሽ አሰቡና የአሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀበሉኝ።

መጀመሪያ መጥረጊያው መሥራቱን ለማየት ማብሪያውን ነካሁ። ባዶዎቹ ጥርሶች ሲዞሩ አየሁና እየዞሩ ሳሉ በመኪናው ቁልፍ አጠፋሁት። ኮፈኑን አንስቼ ሁለቱን ክንዶች ጥርሶቹ ላይ ሰካሁ፤ ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። ለካ ይኼን ያህል ቀላል ነው ብዬ ኮራሁ። ኮፈኑን ዘግቼ ጋቢና ገባሁና አስነሳሁት። ሁለቱም ክንዶች ወደ ታች ተወርውረው ኮፈኑን በጥፊ መቱት!

ደጅ ላይ የተቀመጡት ወንዶች በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው «እትዬ፣ መኪናዋ እያጨበጨበችልሽ ነው» አለ።

ፊቴ ተቃጠለ። እንባዬም መጣ፤ ግን አላወረድኩትም። አጥፍቼው ወርጄ ኮፈኑን እንደገና ከፈትኩና ቁልፉን አነሳሁ።

ያኔ ጋሽ ታደሰ አሮጌ ጎማ እያንከባለሉ መጡና ከመኪናዬ ፊት ተቀመጡበት። «ቃል የገባሁት ስለ እጄ ነው» አሉ። «አፌን ማንም ቃል አላስገባውም። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ጨርቅ አንጥፊ። ክንዱ ስፕሪንግ አለው፤ ካመለጠሽ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።»

የልጄን ሹራብ ከጋቢና አውጥቼ አነጠፍኩ።

«ዳዶውን ጨርሰሽ አትፍቺው፤ ጫፉ ላይ ተዪው። አሁን ክንዱን ግራና ቀኝ ወዝውዢው። አትታገይው፣ ቀስ።»

ወዘወዝኩት። ለቀቀ። ዳዶውን ጨርሼ ፈታሁና አወጣሁት፤ ሁለተኛውም ወጣ።

«አሁን ባዶውን አስነሺው፣ ይዙር። ከዚያ በራሱ ማብሪያ አጥፊው። ቅድም በመኪናው ቁልፍ ስትዘጊው መሃል መንገድ ላይ ነው የቆመው። በማብሪያው ሲጠፋ ግን ማረፊያው ድረስ ሄዶ ይቆማል።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። መስታወቱ ላይ የድሮዎቹ ያረፉበት የአቧራ መስመር አለ፤ አዲሶቹን በዚያው ልክ አስተኝቼ ሰካኋቸውና ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። ያ ቅድም የቀለደብኝ ሰውዬ ሳይነገረው በባልዲ ውሃ አምጥቶ መስታወቱ ላይ ደፋልኝ። አስነሳሁት። ክንዶቹ ወዲያና ወዲህ ሄደው ውሃውን ጠረጉት። የሳቀ አልነበረም።

ጎብዬ ስደርስ ገበያው ተጋምሶ ነበር፤ ቢሆንም ሸጥኩ። ስመለስ ዝናቡ ከሰማይ በርሜል የተገለበጠ ይመስል ነበር። ሮቢት ላይ አንድ ሰው ከአንድ ሱቅ ጥግ ተጠግቶ እጁን ያወዛውዛል፤ ሚኒባሶች ሞልተው እያለፉት ነው። ጋሽ ሰይድ ናቸው! ለካ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ኖሯል። እውነቱን ልናገርና ላልፋቸው ፈልጌ ነበር። እግሬ ግን ፍሬኑን ያዘ።

«ይግቡ ጋሼ።»

መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ቀጥለው መስታወቱ ላይ የሚመላለሱትን ክንዶች። ገቡ። ውሃው ከልብሳቸው ይንጠባጠባል። አንድ ቦታ ጎርፉ አስፋልቱን አቋርጦት ነበር። ቆሜ፣ አንድ አይሱዙ ሲሻገር ጥልቀቱን አይቼ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ አሻገርኳቸው። የጋቢናውን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ታደሰ ነው የገጠመልሽ?» አሉኝ ከተሻገርን በኋላ።

«እኔው ነኝ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ቆቦ ደርሰን ሲወርዱ «ያንቺዎቹን ነገ እልክልሻለሁ» አሉኝ።

«ይተዉት ጋሼ፤ እነዚህ ይበቁኛል። መኪናዋ የማን እንደሆነች ብቻ ይወቁልኝ።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና ሄዱ።

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። አሁን ስንገናኝ እጃቸውን እስማለሁ፣ ልጆቼን ይመርቃሉ። በልቤ ቂም የለም። ግን ነገም ማንም ይምጣና አንድ ብሎን ይፍታብኝ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ መሰለኝ፤ ስለ ሹፌር አንስተውብኝ አያውቁም።

ባለፈው ወር ግን ሃያ ዓመት የሞላት ልጃቸው ቤቴ መጣች። ጫማዋን እያወለቀች «አክስቴ፣ መንዳት አስተምሪኝ» አለችኝ።

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያማ ይወቁ» አልኳት። «ጫማሽን መልሰሽ አድርጊ፤ ከከተማ ወጥተን ሜዳው ላይ እንጀምራለን።»