የጣሊያኑ ቪላ እና ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ልጄ ስትታጭ አልተጠየቅኩም። የሙሽራው ሽማግሌዎች አትላንታ ዳር ያለችው ስማይርና ሄደው የሟች ባለቤቴን ወንድም ጌታሁንን ጠየቁ። እሱም እኔን ሳያማክር «ሰጥተናችኋል» ብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው። እኔ አባቷ እዚያው አትላንታ ዳር፣ ቻምብሊ በሕይወት አለሁ። ነገሩን የሰማሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ ነው። ከዚያ ወዲህ የጌታሁንንም የሽማግሌዎቹንም ስልክ አላነሳሁም። ሠርጉ ላይ እንደማልቆምም ለልጄ ነግሬያታለሁ። ይህን ጉዞ የሄድኩት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው።

ቻምብሊ፣ ጎህ ሲቀድ

ፌቨን በሬን ስታንኳኳ ገና አልነጋም። ልጄ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ፋርማሲስት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ረፋድ ትተኛለች።

«አባዬ ተነሥ፣ ላይክ፣ ትራፊክ ሳይበዛ እንውጣ።»

«ቅዳሜ ጠዋት ምን ትራፊክ አለ?»

«የሆነ ቪላ ላሳይህ ነው። ጣሊያን ስታይል። ጋርደኑን ትወደዋለህ፣ አይ ፕሮሚስ።»

«እዚያ ማን አለ?»

«ማንም! አበባ አለ፣ ፋውንቴን አለ። ወይኔ አባዬ፣ ሁሌ ሰስፒሽየስ ነህ።»

መኪና ውስጥ ስትገባ ስልኳን ደፍታ አስቀመጠችው። የሚደብቀው የሌለው ሰው ስልኩን አይደፋም። ቀበቶዬን አሰርኩ።

ቡፈርድ ሃይዌይ

የጎማ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ የቬትናም ሾርባ ቤት፣ ደግሞ የጎማ ቤት። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ ጽሑፍ ሳይ ሳልጨርሰው ማለፍ አልችልም። መኪናው ግን ይቀድመኛል። በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈውንም ቢሆን ቅርጹን አያለሁ።

አንድ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ገባን። ስኳር የተነሰነሰበት ትኩስ ዳቦ በትሪ አመጣችልኝ። እሷ የራሷን ቆራርሳ ቆራርሳ ሳትቀምሰው ተወችው። ልጄ የምግብ ሰው ናት፤ ዳቦ የምትቆራርሰው ፈተና ሲኖርባት ነው። ዛሬ ምን ፈተና እንዳለባት አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትዋሸኛለች፤ ውሸቷን ደግሞ መስማት አልፈለግኩም።

ሳንዲ ስፕሪንግስ

አፓርታማዋ በር ላይ ፓርክ አደረገችና ሮጣ ገባች። ስትመለስ አዲስ ጥቁር ኮት በማንጠልጠያ ይዛለች።

«አበባ ለማየት ኮት ምን ያደርጋል?»

«ፒክቸር እንነሳለን።»

ለበስኩት። ልኬ ነው። ልኬን መቼ እንደወሰደች አላውቅም፤ ይኼም አሳሰበኝ።

ቱ ኤይቲ ፋይቭ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ወጥተን ወደ ምዕራብ ስንነዳ ነገሩ የበራልኝ መሰለኝ። መንገዱ ወደ ጌታሁን ሰፈርም ይወስዳል።

«ወደ ስማይርና ከታጠፍሽ በሩን ከፍቼ እወርዳለሁ።»

«ሃይዌይ ላይ?»

«ሃይዌይ ላይ።»

«ኦኬ ጋንግስተር።» ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ቀጥላም «ጋሼ እኮ ሊጎዳህ ብሎ አይደለም» አለችኝ።

«ስሙን አታንሺብኝ።»

«ስሙን አላነሳሁም። ጋሼ ነው ያልኩት።»

ወደ ስማይርና አልታጠፈችም። ወደ ደቡብ፣ ሀብታሞቹ ወዳሉበት ነዳች።

ቪላው

ቤቱ ከመንገድ አይታይም። ዛፍ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ደግሞ ዛፍ፣ ከዚያ ድንገት ሽቅብ የሚወጣ ሣር። በሣሩ መካከል ውሃ ከእርከን እርከን እየዘለለ ይወርዳል። ከላይ ክሬም ቀለም ያለው ትልቅ ቤት፣ በግራና በቀኝ በድንጋይ ደረጃ ታቅፎ ቁልቁል ያያል። ጣሊያን ይሉታል እንጂ ያሠራው የዚሁ የአትላንታ ባለጸጋ ነው።

የመግቢያውን ዋጋ ስሰማ «ይኼ ብር ጣሊያን አገር አያደርስም?» አልኩ። ፌቨን በክርኗ ጎሸመችኝ።

ቪላ አላውቅም አልልም። አዲስ አበባ ሳለሁ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ቪላ በር ላይ ለዓመታት ዘበኛ ነበርኩ። ሳሎኑ ምን እንደሚመስል ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ማን እንደገባ፣ ማን ሳይፈለግ እንደመጣ፣ ማን በጓሮ በር ሹልክ እንዳለ ነው።

አስጎብኚያችን ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ ባልቴት ናት። ቤቱ በአትክልቱ በኩል ጣሊያን፣ በሌላው ፊቱ ደግሞ እንግሊዝ እንዲመስል ተደርጎ መሠራቱን እየሳቀች ነገረችን። ሁለት ፊት ያለው ሰው አይቻለሁ፤ ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ውስጡ እብነ በረድ፣ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ማንም የማይተኛበት አልጋ። ፌቨን አንዱንም አላየችም፤ ሰዓቷን ነው የምታየው።

አትክልቱ ውስጥ

ቁጥቋጦው ተከርክሞ ተከርክሞ ግድግዳ ሆኗል። በቀኝ ያለው ሁሉ በግራ አለ። የግራው ሐውልት የቀኝ ጓደኛ አለው። ሥራው ያስደንቃል፣ አልዋሽም። ግን እንዲህ የተስተካከለ ነገር አላምንም። አንድ ሰው የምታየውን አስቀድሞ ወስኖልህ፣ መንገዱ እሱ ወዳለበት ይወስድሃል።

ወሰደኝም። ከቤቱ ጎን በግንብ የታጠረ ትንሽ የአትክልት ቦታ አለ። መካከሉ ላይ የውሃ ገንዳ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ረጅም የድንጋይ አግዳሚ። አግዳሚው ባዶ ነው። አጠገቡ ሦስት ሰዎች በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ባልቴቷ ቀድማን ሄዳ «ተቀመጡ እንጂ፣ እዚህ ጥላ አለ» ትላቸዋለች። «ኖ ማዳም፣ ዊ አር ፋይን» ይላል አንደኛው፣ ላቡ ኮሌታው ውስጥ እየገባ።

እሷ አልገባትም። እኔ ግን ሳልደርስባቸው ገባኝ። መቀመጫ እያለ የሚቆም የሐበሻ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ነው። እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም።

«ማንም የለም ያልሽው ይኼን ነው?»

«ስልክ አላነሳ አልክ፣ አባዬ። ምን ላድርግ?»

ከፊት የቆሙት አቶ መኰንን ናቸው፤ የሙሽራው የናትናኤል አጎት። እጅ ነሡ።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አልኩ፣ ወጉ እንዳይቀር።

«አቶ በላቸው፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምንዎ ነው የመጣነው።»

«ተሰጥታችሁ የለ? ስማይርና ሄዳችሁ፣ በልታችሁ፣ ጠጥታችሁ!»

«አጥፍተናል።»

«ማጥፋታችሁን አውቃለሁ። ለምን ነው የምለው። ፓርኪንግ ጋራዥ ስለምሠራ ነው?»

አቶ መኰንን መሬት መሬት አዩ። «እውነቱን ልንገርዎ? ከትንሽነቷ ጀምሮ እሁድ እሁድ እጇን ይዞ ቸርች የሚያመጣት ጌታሁን ነበር። እርስዎን እዚያ አንድ ቀን አይተንዎ አናውቅም። የእሷ ነገር ሲነሳ እግራችን ወደ ለመደው ቤት ሄደ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሁድ እሁድ እኔ መኪና ሳቆም ነበር» አልኳቸው። «የፋርማሲ ትምህርት ቤት በጸሎት ብቻ የሚገባ መስሏችኋል?»

በዚህ መሀል ባልቴቷ ሰዎቹ ሊወድቁ ነው ብላ ሦስት ተጣጣፊ ወንበሮች አስመጥታ ዘረጋችላቸው። አሁን አግዳሚም ወንበርም ባዶ ሆነ፤ እኛ ሁላችን ቆመናል። ባልቴቷ አንዴ እኛን አንዴ ወንበሮቹን አየችና ሄደች።

ፌቨን ክንዴን ያዘች። «ጋሼ ‹አባትሽን እኔ አሳምነዋለሁ› አለኝ። እኔም ቀላሉ እሱ ስለሆነ እሺ አልኩ። ሶሪ፣ አባዬ። ሠርጉ እዚህ ነው፣ በዚያ ሣር ላይ። አንተ ይዘኸኝ ካልገባህ ካንሰል አደርገዋለሁ።»

ማስፈራሪያ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ማስፈራሪያ አይመስልም።

«እዚህ አልመልስም» አልኳቸው። «ቲኬት ቆርጬ በገባሁበት የሰው ጓሮ ልጄን አልሰጥም። እኔም ቤት አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እዚያ ትመጣላችሁ። ጌታሁንም አብሯችሁ ይመጣል፤ እንደ አጎት ሳይሆን እንደ ለማኝ። እሱም ይቆማል።»

«ጌታሁን እሺ ይላል ብለው ነው?»

«ሄደው ይጠይቁታ። ቤቱን ያውቁት የለ!»

ከኋላ የቆመው ሽማግሌ ሳቁን በመሐረቡ ሸፈነ።

ወደ ቻምብሊ

«እሺ ነው ወይስ ኖ?» አለችኝ ሃይዌይ ላይ።

«ይመጣሉ አይመጡም፣ ያኔ ታያለሽ።»

አይመጡም ብዬ ነበር። ጌታሁን ጉልበቱን ያመዋል፤ ኩራቱ ደግሞ ከጉልበቱ ይብሳል። ሆኖም በሳምንቱ መጡ። ከጎረቤት ወንበር ተውሼ ደርድሬ ነበር፤ ማንም አልተጠጋውም። ጌታሁን መጨረሻ ላይ እያለከለከ ገባና በሩ ላይ ከወለቁት ጫማዎች አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«በላቸው፣ በአንተ አፍ ተናግሬያለሁ» አለ። «አሁን ልጅህን ልለምንህ መጣሁ።»

ተንኮል ፈልጌ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ላብና ድካም ነበር ያለው። ዞሬ ፌቨንን አየሁ።

«ሰጥቻችኋለሁ፣ ተቀመጡ» ያልኳቸው ቅዳሜ ግንቦት 27 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።