የጓሮው ብቅል

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ በታች ባለው መንገድ ሳልፍ አንድ ሽታ አስቆመኝ። ጣፈጥም ጎምዘዝም የሚል፣ ዝናብ ያገኘው ገለባ የሚመስል ሽታ። አንዲት ሴት አጥሯ ሥር የበቀለ ገብስ ጆንያ ላይ አስጥታ ዶሮ ትከላከላለች። «እማማ፣ ብቅል ይፈልጋሉ?» አለችኝ። አልፈልግም ብያት አለፍኩ። ጥቂት ሄድ ብዬ ግን አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ደክሞ አልነበረም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ፣ በጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበር። ደመወዙ ለእኛ ለአምስት ልጆቹ፣ ለአያቴ፣ ደግሞም ከገጠር መጥተው እኛ ዘንድ እያደሩ ለሚማሩት የአጎቶቼ ልጆች ይዳረስ ስለነበር ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

ታላቅ እህቴ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አዲስ አበባ አንድ የረዳት ነርስ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ደብዳቤው የመጣ ዕለት አባቴ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው። መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ አገሩን እስክትለምድም በእጇ የሚሆን ነገር ያስፈልጋታል። እኛ ቤት ደግሞ እንኳን ለአዲስ አበባ፣ አጠገባችን ላለችው ለሞርሲቶ መሄጃም የሚተርፍ አልነበረም።

እናቴ በሳምንቱ ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ጠራችኝ። ገብስ ዘፍዝፋ አሳድራ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭናበታለች። በሦስተኛው ቀን ስትገልጠው ነጫጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዞ ነበር። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ብቅል መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ደነገጥኩ፤ እኛ ቤት ጠላም አረቄም ገብቶ አያውቅም። የአባቴ ታላቅ ወንድም መሬቱን በመጠጥ ጨርሶ የሞተው በሰው ደጅ ነው። አባቴ ስለ መጠጥ ሲሰብክ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኛ አንጠጣውም» አለችኝ እናቴ በሀዲይኛ፣ ራሷን የምታሳምን ይመስል። «እህትሽ ትሂድልኝ እንጂ እተወዋለሁ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ።»

ብቅሉን ከዶሮ መጠበቁ የእኔ ሥራ ሆነ። የደረቀውን ብቅል መናኸሪያው አጠገብ ጠላ የምትሸጥ ሴትዮ በጓሮ በር እየመጣች ትወስደዋለች። ያን ክረምት ሁሉ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሮጠን እናሰጣለን፣ ደመና ሲመጣ ሮጠን እናነሳለን። እህቴም ታውቅ ነበር። ሦስታችን ጆንያውን ይዘን ስንሮጥ እንስቅ ነበር፤ ሳቃችን ዛሬም ይሰማኛል።

በመጨረሻ ጫማው ተገዛ። ቡናማ፣ ማሰሪያ ያለው የቆዳ ጫማ። እናቴ ለአባቴ «ቅቤ ሸጬ ነው» አለችው። እኔ በባዶ እግሬ ነበር የምማረው።

«ለእኔስ?» አልኳት።

«ተራሽ ሲደርስ።»

«ዶሮውን የጠበቅሁት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ!» ብላ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ።

እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ እኔና አባቴ ወደ ኋላ ቀረት ብለን ነበር። «አባዬ፣ ኃጢአት አይቶ ዝም ማለትም ኃጢአት ነው?» አልኩት።

«ነው» አለኝ። «ምን አየሽ?»

ነገርኩት። ለእውነት ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለጫማው ነው።

አባቴ አልጮኸም። በቀጥታ ጓሮ ገብቶ ቅጠሉን ገለጠ። «ወንድሜን የገደለው ይሄ ነው» አላት እናቴን። «በዚህ ገንዘብ ልጄን አልልክም።»

«እሺ፤ በምን ትልካታለህ?» አለችው።

ቅጠሉን ጥሎ ወደ ቤት ገባ። ብቅሉ ለላም ተሰጠ፤ ገንዘቡንም ለድሆች እንድትሰጥ አዘዛት፣ ሰጠች፤ የተረፈው ጫማው ብቻ ነው። በማግስቱ አባቴ ደመወዝ በቅድሚያ እንዲከፈለው ለመነ፤ አልሆነም። ሾኔ ከተማ ድረስ ሄዶ ዘመድ ጠየቀ፤ ባዶ እጁን፣ በእግሩ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ቀን ያለፈ ዕለት ምሳ አልበላም።

እህቴ «ማን ነው የነገረብን?» ብላ አለቀሰች።

እናቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞራ «ጎረቤት አይቶ ነው» አለች። ከዚያን ቀን ወዲያ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ እህቴ ጫማውን ይዛ መጣች። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጭቃ ልረግጥበት?» አለችና ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ተንበርክካ ራሷ አሰረችልኝ። እኔም አደረግሁት። ጫማውን አድርጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

በዓመቱ እህቴ ሾኔ አካባቢ ላለ አንድ ገበሬ ተዳረች። ሌላ ጥቂት ዓመት አለፈና፣ የአጎቶቼ ልጆች ወጥተው፣ የአባቴም ደመወዝ ከፍ ብሎ፣ እዚያው የረዳት ነርስ ትምህርት ቤት እኔ ተላክሁ። እህቴ መናኸሪያ ልትሸኘኝ ልጅ አዝላ መጣች። የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ በመስኮት አቀበለችኝና አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ቆማ «በደንብ ተማሪ እሺ!» ትለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ እህቴ እዚያው ሾኔ ቤቷ ታማ ስትተኛ መርፌዋን የምወጋት እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ክንዷን በጥጥ ሳሽላት «እጅሽ አያምም» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ብማር ኖሮ እኔም እንዲህ እሆን ነበር?» አለች።

«ከእኔ ትበልጪ ነበር» አልኳት።

ፈገግ አለች። ያኔ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች። አሁን ደክሟታል፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መርፌዬን ቀቅዬ እየገባሁ፣ ክንዷን ይዤ፣ ነገ እያልኩ ወጣሁ። ሳልነግራት ቀበርናት።