መዝሙር ቁጥር ሦስት የተባለው ካሴት

ግራጁዌት ባደረግኩ በሁለተኛው ወር አንድ የሙዚቃ ሙዚየም የስድስት ወር ኮንትራት ሰጠኝ። ሥራው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሰው የሚለግሰውን የድሮ የጃዝና የብሉዝ ካሴት እየሰማሁ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ከዛ ምን እንዳለበት ፎርም ላይ መሙላት። እውነቱን ልናገር፣ ጃዝ ወድጄ አይደለም የገባሁት። ሌላ ቦታ ማንም ስላልጠራኝ ነው።

እቤት ስነግራቸው እማዬ እልል አለች። አባቴ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ቴምፕል የሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ዓለማዊ ዘፈን አይከፈትም። አባቴ የአማርኛ ቸርቻችን ሽማግሌ ነው፤ መኪናው ውስጥ ስብከት፣ ኪችን ውስጥ መዝሙር፣ በቃ። አንዴ የጓደኛዬ ልደት ላይ ስጨፍር አይቶኝ ስንት ቀን እንዳኮረፈኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እና አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ፣ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ፓርክ አድርጎ፣ እማዬ እስክትገባ ጠብቆ «አንቺ የምትሠሪበት ቦታ ካሴት ይቀበላሉ አይደል?» ሲለኝ፣ የስብከት ካሴት ሊሰጠኝ መሰለኝ።

«አባዬ፣ ጃዝና ብሉዝ ብቻ ነው የሚቀበሉት።»

«ጃዝ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ከመፍቻዎቹ ሳጥን ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ካሴት አወጣ። ላዩ ላይ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «መዝሙር ቁ. 3» ይላል።

«መዝሙር ነው እኮ የሚለው።»

«ሰው እንዳያውቅብኝ ነው። ጌታን ስቀበል ሌላውን ሁሉ አቃጠልኩ። ይቺን አንዷን አልቻልኩም። መዝሙር ብዬ ጻፍኩባትና ከመዝሙሮቹ ጋ ደረደርኳት፤ በኋላ ነው ወደዚህ ያዛወርኳት።»

ወደዚህ አገር ሳይመጣ፣ አዲስ አበባ እያለ፣ በኔ ዕድሜ፣ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ትራምፔት ይነፋ ነበር። አባቴ! ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራ እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ሰው! ካሴቱ ላይ ያለው ባንዱ ለእሱ ለቆለት ብቻውን የነፋበት ነው። 

«ከዛ ወዲህ ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«አልሰማሁም። ከሰማሁት የምተወው አልመሰለኝም።» የፌስታሉን ጫፍ ይጠቀልላል። «እኔ ነፍቼ እንደማውቅ የሚመሰክር ሌላ ነገር የለም። ስሜን ከጻፉበት ይጻፉበት።»

በማግስቱ ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኳት። ዕድሜ ልኳን ብሉዝ ስትሰማ የኖረች፣ ጡረታ ልትወጣ የደረሰች ሴት ናት። ወንበር ስባ ሄድፎን አደረገች፤ እኔም የራሴን አደረግኩ። እኔ ካሴቱን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፤ እነሱን ከሰበርካቸው ማንም በላዩ መቅዳት አይችልም። አባቴ ሰብሯቸዋል። ግን በአንደኛው ቀዳዳ ላይ ስኮች ተለጥፏል። ስኮች የሚለጠፈው ደግሞ በላዩ ሊቀዳ የፈለገ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

 ፕሌይ አደረግኩት።

አንድ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ቆጠረ። ከበሮ። ትራምፔቱ ገባ። ቀጭን፣ የተጠማዘዘ፣ ድፍረት የተሞላበት ድምፅ። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዛ ቀጭ አለ፤ አንዲት ሕፃን ጉሮሮዋን ጠርጋ በሚያንቋርር ድምፅ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ማነብነብ ጀመረች።

እኔ ነኝ።

ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው። ለቸርች የልጆች ፕሮግራም ጥቅስ መያዝ አልሆንልኝ ሲል እማዬ ቀድታኝ ነበር፣ ስህተቴን እየሰማሁ እንዳርም። «አቁሚ! ከመጀመሪያው! ጮክ በይ!» ትላለች ካሴቱ ላይ። አራት ደቂቃ። ከዛ ቀጭ፣ ትራምፔቱ ከፍ ብሎ ሲጮህ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጭብጨባ፣ አለቀ። ሱፐርቫይዘሬ ሕፃኗ ላይ ልትስቅ ስትል ፊቴን አይታ ተወችው።

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እዛው እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ መዝሙር ቁጥር ሦስት የሚለው ላይ ነው የቀዳሽኝ?»

«እ? አዎ መሰለኝ። አንድም ሁለትም አራትም ነበሩን፣ አንዱ ቢጠፋ ምን አለበት ብዬ ነዋ። ምነው?»

«መዝሙር አልነበረማ! የአባዬ ትራምፔት ነበር!»

 «የምን ትራምፔት?» አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች። አታውቅም። እኔ ደግሞ በስልክ ዘረገፍኩት።

በነጋታው አባቴ ኤርድሪ ከተማ ካለው የሚሠራበት መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ፣ ከነሥራ ጫማው ሙዚየሙ ድረስ መጣ። እማዬም ተከትላው መጣች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ተቀመጠች። መኪና ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሁለቱም ፊታቸው አይፈታም።

«አባዬ፣ ተቀድቶበታል» አልኩት። «የምለፈልፈው እኔ ነኝ።»

«እናትሽ ነገረችኝ። ስንት ደቂቃ ሄደ?»

«አራት ምናምን።»

«መጨረሻው አለ?»

«ትንሽ አለ።»

«ክፈቺው።»

በስፒከር ከፈትኩት። አንድ፣ ሁለት። አምስቷ ሰከንድ። ከዛ የኔ ማንቋረር። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ሱፐርቫይዘሬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ጣቶቹን እዪ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ በሹክሹክታ።

እየነፋ ነው፤ ትራምፔት ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። የጠፋውን፣ ከኔ ድምፅ ሥር የነበረውን። እኔ ጥቅሱን እሳሳታለሁ፣ ጣቶቹ ይወርዳሉ ይነሣሉ፤ እማዬ ከስፒከሩ «አቁሚ!» ትላለች፣ እሱ አያቆምም። ከንፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። አራት ደቂቃ ሙሉ እንደዛ ነፋ።

ቀጭ አለ። ትራምፔቱ ገባ። ከጣቶቹ ጋር እኩል። 

ጭብጨባው ሲያልቅ እጁን ጭኑ ላይ መለሰ። ቀድማ የተናገረችው እማዬ ናት።

«ቸርች ውስጥ ስንዘምር ጉልበትህን የምትነካካው…» ጣቶቹን አየች። «ይሄ ነው? እኔ እኮ የነርቭ በሽታ መስሎኝ ሐኪም ጋ ልወስድህ ነበር!»

«እዛስ መዝሙሩን ነው የምነፋው» አለ አባቴ፣ መሬት መሬት እያየ።

ፎርሙን ሳብኩ። የተጫዋቹ ስም የሚለው ባዶ ነው። «ልጻፍህ?» አልኩት። እሱ እማዬን አየ። የቸርች ሽማግሌ፣ በጃዝ ካሴት ላይ፣ ሙሉ ስሙ። እማዬ ተነሥታ ካፖርቷን አወለቀች።

«ምን ታየኛለህ? ጻፊለት እንጂ!»

ጻፍኩ። ጽሑፌ የሱን የድሮ ጽሑፍ ይመስላል። አባቴ አላየውም። ወንበሩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ።

«አንድ ቦታ ላይ ቸኩያለሁ» አለኝ። «ከመጀመሪያው ድገሚው።»