በካዲዎቹ ቀን የመጣው መርከብ

ራምፓይ ሥራዋን የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። መርከቡ ከታይላንዱ ላም ቻባንግ ወደብ የሚነሣው ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሆነ፣ ጎልፍ ሊጫወቱ የወረዱት መንገደኞች ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወደቡ በር ላይ መገኘት አለባቸው። ከዚያ ላይ ለኮንቴይነር መኪኖች መጨናነቅ አንድ ሰዓት፣ ለገላ መታጠቢያና ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ሌላ አንድ ሰዓት፣ ለጨዋታው ደግሞ አራት ሰዓት ተኩል ትቀንሳለች። እንዲህ ወደ ኋላ እየቆጠረች የመጀመሪያዋ ኳስ የምትመታበት ደቂቃ ላይ ስትደርስ ነው ስልኳን የምታነሣው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከመርከቡ የቀረባት ሰው የለም። አንድ ዴንማርካዊ አለ፤ እሱ ግን ያስቀረው ቢራው እንጂ እሷ ስላልሆነች ቁጥር ውስጥ አታስገባውም።

ከዚህ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካዲ ነበረች። ከሲ ራቻ ከተማ ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ሜዳ፣ አርባ ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ሰደርያ ለብሳ፣ ፊቷን ለፀሐዩ ዱቄት ተለቅልቃ የጎልፍ ተጫዋቾችን ዱላ ስትሸከም፣ ርቀት ስትለካ፣ የጠፋ ኳስ ከቁጥቋጦ ስትፈልግ ኖረች። ካዲ ሆኖ የማያውቅ ሰው የሥራው ክብደት ቦርሳው ይመስለዋል። ክብደቱ ውሸቱ ነው። ሰውዬው ኳሱን ኩሬ ውስጥ ሲከት «ነፋሱ ነው ጌታዬ» ይባላል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ሲስት «ሣሩ ነው ጌታዬ» ይባላል። ይህን ውሸት ራምፓይ ከሁሉም በኋላ ተምራ ከሁሉም በፊት የረሳች ሴት ናት።

የረሳችበትን ቀን ታስታውሰዋለች። የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ዊኒፍሬድ የሚባሉ የኒው ዚላንድ ጡረተኛ መምህርት ከመርከብ ሲወርዱ ቦርሳቸው ለእሷ ደረሳት። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ፣ ሕፃን ልጅ የማይስተውን ኳስ ሳቱ። ራምፓይ «ሣሩ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። በዚያን ጊዜ የምታውቀው እንግሊዝኛ ስድሳ ቃል አይሞላም፤ ከነዚያ ውስጥ ምን እንደነካት እንጃ ሌላ ወጣ።

«ቶሎ ቀና አሉ» አለቻቸው፤ ኳሱን ሳይመቱ ዓይናቸውን ከእሱ አንሥተው ነበርና።

ካለች በኋላ ላብ አጠመቃት። እንግዳ ያስከፋች ካዲ ለሳምንት ቤቷ ትቀመጣለች። መምህርቷ ግን ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አርባ ዓመት ስጫወት እውነቱን የነገረኝ የለም» አሉ። «ባሌ እንኳ።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የካቲት ላይ መጡ፤ በየዓመቱም የሚጠሩት አርባ ሰባት ቁጥርን ነበር። በመሃሉ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ራምፓይ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ትመልሳለች፤ መልሷም በቀይ ብዕር ታርሞ ይመለስላታል። እንዲህ እየታረመች ዘጠኝ ዓመት ተማረች። ጉልበቷ እምቢ ሲልና ሜዳው ሲያሰናብታት፣ ከወደቡ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ለመርከብ መንገደኞች ጨዋታ የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈለግ፣ ሥራውን ያገኘችው እንግሊዝኛ ስለምትጽፍ ነው። ዛሬ በልታ የምታድረው በዚያ ቀይ ብዕር ነው። ይህን አንድም ቀን ለመምህርቷ አፍ አውጥታ አልተናገረችም። የመርከብ ቀን ሩጫ ነው፤ ምስጋናው ሁልጊዜ አፏ ላይ ሲደርስ የመኪናው በር ይዘጋል።

በዚህ ዓመት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል። ልጄ ከእንግዲህ በባሕር አትሄጂም ብሎኛል፤ እውነቱን ነው። የመጨረሻዬ ነው። ዘጠኝ ጉድጓድ ይበቃኛል፤ ግን በዚያው ሜዳና አንቺ ከጎኔ ሆነሽ።»

ራምፓይ ማክሰኞን ያዘችላቸው። የሚገፋ ጋሪ፣ ጥላ፣ ቀላል ዱላ፣ ሁሉን አሰናዳች። ሐሙስ ዕለት ግን የወደቡ ወኪል ደወለ። ባሕሩ ስለተናወጠ መርከቡ ወደ ሳሙይ ደሴት አይገባም፤ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ሰኞ ጠዋት ላም ቻባንግ ይደርሳል። ራምፓይ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰኞ የካዲዎች ቀን ነው።

የካዲዎች ቀን በዓመት አንዴ ነው። በዚያ ቀን ካዲዎቹና የሜዳው ሠራተኛ ሴቶች ይጫወታሉ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ምግብ አብሳዩና የክለቡ አባላት ቦርሳ ይሸከሙላቸዋል። እንግዳ ግን አይጫወትም። ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው ቢባል ራሷ ራምፓይ ናት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ቀን፣ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ አንድ ሜትር ቀርቷት ልትመታ ስትዘጋጅ ፊሽካ ተነፋ። የባለቤቱ ወዳጆች በድንገት መጥተዋል፤ ካዲዎች ጨዋታ አቁመው ቦርሳ ያንሡ ተባለ። ኳሷን እዚያው ትታ ሄደች። ስትመለስ ኳሷም የለችም። በማግስቱ ስድሳ ሴቶች መጠለያቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ቁጥራቸው ሲጠራ አንዳቸውም አልተነሡም፤ ራምፓይ የተናገረችው ቃል ተጽፎ ግድግዳ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ። «በዚህ ቀን እንግዳ አይጫወትም፤ በሄሊኮፕተር ቢመጣም።» ወረቀቱ ሲያረጅ እየተገለበጠ እስከ ዛሬ አለ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አልተጫወተችም። መጀመሪያ አለቃ ሆና ሌሎቹን ስታስተናግድ፣ ኋላ ደግሞ ጉልበቷ እምቢ ብሎ።

ከመርከቡ ለሚወርዱት ሌሎች ስድስት ተጫዋቾች ሌላ ሜዳ አገኘችላቸው። ለመምህርቷ ግን አይሆንም፤ ሌላ ሜዳ የራሱን ካዲ እንጂ የውጭ ሰው ከተጫዋች ጎን አያቆምም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ዓይኗን በጨው አጥባ ኮረብታውን ወጣች።

የዛሬዋ የካዲዎች አለቃ ቡፓ መጠለያው ደጃፍ ተቀምጣ የፓፓያ ሰላጣ ትወቅጣለች። ያኔ ስድሳዎቹ ሲቀመጡ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች።

«እትዬ ራምፓይ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«አንዲት ሰው አለችኝ። ሰኞ የምትደርስ።»

«ሰኞማ የእኛ ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዳ አይጫወትም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በሄሊኮፕተር ቢመጣም» አለች ቡፓ መውቀጧን ሳታቆም። «ማን እንዳለው ልንገርሽ?»

ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ራምፓይም ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ስለ መምህርቷ ነገረቻቸው፤ ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ስለ ቀዩ ብዕር፣ ስለ መጨረሻው ጉዞ። ሳቁ ቀዝቀዝ አለ። ቡፓ ዘነዘናውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ይህን ቢጠይቀኝ በጫማ ነበር የምሸኘው። ግን አንዷን አስገባን ማለት ከነገ ወዲያ የባለቤቱን ወዳጆች በሙሉ አስገባን ማለት ነው። ይህን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ።»

«ልክ ነሽ» አለች ራምፓይ። ልክ መሆኗን ማወቁ ነው ይበልጥ የከበዳት። ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል ቡፓ ጠራቻት።

«ለመሆኑ አንቺ ለምን አትጫወቺም?»

«እኔ?»

«በየዓመቱ ስምሽን ዝርዝሩ ላይ እጽፋለሁ። በየዓመቱ ትቀሪያለሽ። አንዴ ካዲ የነበረች ሁልጊዜ ካዲ ናት፤ ይህም ደንብሽ ነው።»

«ጉልበቴን እያወቅሽ?»

«ዘጠኝ ጉድጓድ ነው። ዱላ የሚይዝልሽ ሰው ብቻ ያስፈልግሻል።» ቡፓ ጣቷን ከቃሪያው ጠርጋ ፈገግ አለች። «ደንቡ እንግዳ አይጫወትም ይላል። እንግዳ ቦርሳ አይገፋም የሚል አላነበብኩም።»

«ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው እኮ!»

«ታዲያ አንቺ ቀስ ብለሽ ትሄጃለሽ። እንዲያውም ትመጣጠናላችሁ።»

ራምፓይ ለማመስገን ቃል ፈለገች። ቡፓ ግን ፊቷን ወደ ሙቀጫው መልሳለች። «ይህን ቀን የሰጠሽን አንቺ ነሽ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቅመሽው» አለች ዘነዘናውን እያነሣች።

ሰኞ ጠዋት ራምፓይ እንደ አገሩ ልማድ ለሜዳው ጠባቂ መንፈስ፣ በትንሿ ቤቱ ደጃፍ፣ ቀይ ለስላሳ መጠጥ ከነመምጠጫው አስቀምጣ ወደ ወደቡ ወረደች። ሌሊቱን ያሰበችው አንድ ነገር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወት ብሎ ባሕር አቋርጦ ለመጣ ሰው «አይጫወቱም፤ የእኔን ቦርሳ ይገፋሉ» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

መምህርቷ ከዓምናው አጥረው፣ ምርኩዝ ይዘው ወረዱ። ራምፓይ መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ አጎነበሰችና ሳትተነፍስ ነገሩን በሙሉ ዘረገፈችው፤ ቀኑን፣ ደንቡን፣ ያወጣችው እሷ መሆኗን፣ ቦርሳውን።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህሬ» አለች በመጨረሻ።

ዊኒፍሬድ ክንዷን ያዙ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንቺ መቼ ነው የምትጫወቺው እያልኩ ጠይቄሻለሁ። ምን ነበር መልስሽ?»

«በእኛ ቀን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በተሳሳተ ቀን ስመጣ ኖሬአለሁ ማለት ነው» አሉና ምርኩዛቸውን አቀበሏት። «የካዲው ሰደርያ የታለ?»

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ካዲዎቹ የራምፓይን የድሮ አርባ ሰባት ቁጥር ሰደርያ አለበሷቸው። ሴቶቹ ተሻምተው የሁለቱንም ፊት ዱቄት ቀቡ፤ መምህርቷም ጋሪውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው መግፋት ጀመሩ። ከፊታቸው ሥራ አስኪያጁ አቶ ዊሮት የልብስ አጣቢዋን ቦርሳ ተሸክሞ እየቃተተ ይሄዳል። «ቀጥ በል፣ አንተ፤ ጉርሻ ትፈልግ የለም?» ትለዋለች አጣቢዋ፣ ዓመቱን ሙሉ አቤት ስትለው የኖረችውን ሰውዬ።

መምህርቷ እንደ ካዲ አይረቡም ነበር። ርቀቱን መቶ ሃያ ሲሉ መቶ ስድሳ ይሆናል፤ የሚያቀብሉት ዱላ ሁልጊዜ የማይሆነው ነው። ራምፓይም ብትሆን ሃያ ሁለት ዓመት የዛገ እጇ ኳሷን አንዴ ዛፍ ላይ፣ አንዴ አሸዋ ውስጥ ይልካታል። በየጥላው ይቀመጣሉ። አራተኛው ጉድጓድ አጠገብ የሚጣበቅ ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ በሉ፤ መምህርቷ ሩዙን በጣታቸው ሲያድቦለቡሉ ጥርሳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ራምፓይ ሰዓቷን አላየችም። ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሳትቆጥር የዋለችበት የመርከብ ቀን ይህ ብቻ ነው።

ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን እግሯ ቀስ አለ። ኳሷ ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ቆማለች። ራምፓይ ያኔ የተወቻት ኳስ ታሪክ በመኪናው ውስጥ ስለተነገራቸው መምህርቷ አልቀለዱም። ጋሪውን ይዘው በቀስታ ጎንበስ አሉ፣ ሣሩን አዩ፣ ወዲህና ወዲያ ተመላለሱ፤ ልክ እሷ ታደርግላቸው እንደነበረው።

«በስተግራ፤ የአንድ ኳስ ያህል» አሉ።

ቡፓና ሌሎቹም ከስምንተኛው መነሻ ላይ ቆመው ያያሉ። ማንም ፊሽካ አልነፋም። ራምፓይ ዱላዋን አስተካከለች። ፀሐዩ ማጅራቷን ያሞቃታል። ከፊቷ አርባ ሰባት ቁጥር ሰደርያ ለብሰው፣ የጉድጓዱን ባንዲራ በሁለት እጃቸው ይዘው የቆሙት ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ምን እንዳደረጉላት በአንድ ጊዜ ታወሳት። መታች።

ኳሷ ተንከባለለች፤ የጉድጓዱን ከንፈር ነክታ በቀኝ በኩል አለፈች።

ሣሩ ነው የሚል እንዳይኖር ራምፓይ ፈራች። መምህርቷ ባንዲራውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው አዩዋት።

«ቶሎ ቀና አልሽ» አሏት።

«አውቃለሁ መምህሬ» አለች ራምፓይ፣ እንባዋ ዱቄቱን እየቀደደ ሲወርድ። «እርስዎን ለማየት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላመሰግንዎ የሸኘሁዎት እኔ ነኝ። አመሰግናለሁ።»

መምህርቷ ባንዲራውን ሣሩ ላይ አስተኙ። ቀስ ብለው ተራመዱና ኳሷን አንሥተው በሰደርያቸው ጫፍ አበሱ፤ ከዚያም ቅድም የነበረችበት ቦታ፣ ሁለት ሜትር ላይ፣ መልሰው አስቀመጧት።

«ይህ በደንቡ አይፈቀድም» አለች ቡፓ ከስምንተኛው ጮክ ብላ።

ከዚያም ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዞረች፤ ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ ዞሩ።