ለታንዴካ የተሠራ ሹሩባ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ዞድዋ ፀጉር ስትሠራ ጣቶቿ ክራር የሚደረድሩ ይመስላሉ። ዛሬ ግን ቅናት ገባባቸው። በልቧ የምትወዳት ታንዴካ ወደ ተመራቂዎች ጭፈራ የምትሄደው ከመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል ከሬፊልዌ ጋር ነው። በደቡብ አፍሪካ የኡምላዚ ሰፈር ጎረቤት ሊሸኛቸው ደጅ ተሰብስቧል።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትጎትቺኝ? ዓይኔን መክደን አቃተኝ እኮ» አለች ታንዴካ። «በዚህ መልኬ ፎቶ ልነሳ?»

«ለሬፊልዌ ይኼም ይበዛባታል።»

«እሷ ጠየቀችኝ። አንቺን ሦስት ወር ሙሉ ብጠብቅሽ ዝም አልሽ።»

ዞድዋ የግንባሩን ሹሩባ ፈትታ፣ እያንጎራጎረች፣ አላልታ መልሳ ሠራችው።

ሬፊልዌ ልትወስዳት ስትመጣ የመኪናዋን በር ለታንዴካ ከፍታ፣ «ዞድዬ፣ እጅሽ ይባረክ፤ አሳመርሽልኝ» አለቻት።

ዞድዋ እንባዋ እንዳይታይባት ከጎረቤቱ ሁሉ አስበልጣ እልል አለች።