የጉልበቴ መርፌ

በደርግ ጊዜ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሽመና ክፍል እሠራ ነበር። ፈረቃውን በሙሉ ቆመን ነው፤ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ጎንበስ ቀና ስንል እንውላለን። ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ሥራ ነው።

ጉልበቴ መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ ብቻ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ኋላ ግን ሽንት ቤት ቁጢጥ ብዬ መነሳት አቃተኝ፤ ግድግዳ ካልያዝኩ፣ አንዳንዴም ልጄን ካልጠራሁ አልነሳም። ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ስንሰለፍ እኔ ድንጋይ ፈልጌ ስቀመጥ ሴቶቹ «ገና በዚህ ዕድሜሽ!» ይሉኛል። ክሊኒክ የሚሰጡኝ ኪኒን ጨጓራዬን ከመላጥ በቀር የፈየደልኝ ነገር አልነበረም።

ያኔ አበልጄ ደረሰልኝ። ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነው፤ የባሌ አብሮ አደግ፣ የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳ።

«እኔ እያለሁ እንዲህ ትሆኛለሽ?» አለኝና ቤት ድረስ መጥቶ መርፌ ወጋኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቫይታሚን ነው፤ ማጠንከሪያ።»

ሲነጋ ጉልበቴ የሌላ ሰው መሰለኝ። እሑድ በቀበሌ ዘመቻ ችግኝ ስንተክል ከጎረምሶቹ እኩል ዋልኩ። ሕመሙ ብቅ ባለ ቁጥር እጠራዋለሁ፤ ይወጋኛል። ፊቴ ሞላ። ሰዎች «ተመችቶሻል» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሰው መርቄ አልጠግበውም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቱን ልጠይቅ ገባሁ። እሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከመደቡ ሳይወርዱ ነው የሚውሉት። አንጀቴን በሉት።

«እማማ፣ ልጅዎ ለምን ያን መርፌ አይወጋዎትም? እኔን እኮ አስነሳኝ!»

«ለምኜው ነበር እኮ፣ ልጄ። ‹እማዬ፣ እሱ ላንቺ አይሆንም፤ ውሎ አድሮ አጥንት ይጨርሳል› ብሎ ከለከለኝ።»

ፈገግ እያሉ ነው የነገሩኝ፤ ልጃቸው እንዴት እንደሚሳሳላቸው እንዳውቅላቸው። እኔ ግን እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «ማን ነው መርፌ የሚወጋሽ?» አለኝ። ምቾት የመሰለኝ የፊቴ መሙላት ከመርፌው የመጣ እብጠት ኖሯል፤ አጥንቴ ሳስቷል፤ የስኳር በሽታም ጀምሮኛል። የጉልበቴ መገጣጠሚያ እንደ ድሮው እያለቀ ነበር፤ መርፌው ሕመሙን ደበቀው እንጂ አላዳነኝም።

ያንኑ ሳምንት አበልጄን ደጁ ላይ አገኘሁት።

«ለእናትህ የፈራኸውን ለእኔ እንዴት አልፈራህም?»

«መራመድ ፈለግሽ፣ አስኬድኩሽ። ሥራ ብትፈቺ ልጆችሽን ማን ያበላልሽ ነበር?»

«ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ብነግርሽስ፣ እምቢ ትይ ነበር?»

ምናልባት እሺ እል ነበር። ግን ለእናቱ የነገራቸውን ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እንደ ወንድሜ ነበር የማየው።

ፋብሪካው በሐኪሙ ወረቀት ተቀምጬ ጨርቅ ወደምፈትሽበት ክፍል አዛወረኝ። ምርኩዝ ያዝኩ። ሐኪሙ ያዘዘልኝን እየዋጥኩ፣ እግሬን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ከሕመሜ ጋር ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ የወሰድኩት መድኃኒት ሁሉ እንደዚያ መርፌ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። ይሄም እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ልጄ በየፋሲካው ክርስትና አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ አልከለከልኩትም። እኔ ግን ያን ደጅ ዳግመኛ አልረገጥኩም። እናቱ ሲሞቱ እንኳ ከድንኳኑ ውጭ፣ ምርኩዜን ተደግፌ ቆሜ ነው ያለቀስኩላቸው።